ከጃቫ የላክሁት ሃሽማፕ ዶትኔት ላይ ባዶ ሆነ፤ ድረሱልኝ!

ቦርከና፦ ጀመዓው፣ ቶሎ! የኮምቦልቻው መጋዘን ሲስተም በጃቫ ነው፣ የደሴው መሸጫ በዶትኔት (የማይክሮሶፍቱ የፕሮግራም መሥሪያ)። የዕቃ ኮድና ብዛት የያዘ ሃሽማፕ (ቁልፍን ከዋጋው የሚያጣምር ዝርዝር) በሶፕ (ፕሮግራሞች በኤክስኤምኤል ጽሑፍ የሚላላኩበት ደንብ) እመልሳለሁ፤ ደሴ ሲደርስ ባዶ ነው። ስህተት የሚል መልእክት የለም። ነገ ጧት ቆጠራ አለ።

ጦሳ_ስር፦ ሐረጎ ዳገት ላይ ተንከባሎ ይሆናላ።

ሐይቅ፦ ሰርቪስ ሪፈረንሱን (ዶትኔት ከጃቫው ሰርቪስ መግለጫ የሚሠራውን ማገናኛ ኮድ) አድሰው።

ቦርከና፦ ሦስቴ አድሻለሁ።

ሸዋበር፦ ነገሩ ከሥሩ ነው። ጃቫና ዶትኔት እዚህ የሚግባቡት በኤክስኤምኤል ስኪማ (የሚላከውን ዳታ ቅርጽ በሚደነግገው) ነው፤ ስኪማ ደግሞ ሃሽማፕ የሚባል አያውቅም፣ የሚያውቀው የሚደጋገም ኤለመንት ነው። ሃሽማፕን በቀጥታ ስትመልስ ጃክስቢ (የጃቫን ዳታ ወደ ኤክስኤምኤል የሚቀይረው) አንድም ፊልድ የሌለው ዓይነት ይጽፍልሃል። ዊዝደሉን (የሰርቪሱን መግለጫ ፋይል) ክፈትና እየው። ይህንኑ ሥራ ዶትኔት ላይ የሚሠራው ኤክስኤምኤል ሲሪያላይዘርም ዲክሽነሪ (የዶትኔቱ ሃሽማፕ) አይቀበልም፤ እሱ ግን ስህተት ብሎ ይጮሃል፣ ያንተው ጃክስቢ ዝም ብሎ ይጥላል።

ወረባቦ፦ እኔ የማይገባኝ ሶፕ ለምን እንዳስፈለገ ነው። ጄሰን (ቀለል ያለ የዳታ መላኪያ ቅርጽ) አድርገውና ተገላገል።

ሸዋበር፦ ጄሰን ላይም ቁልፉ ሁሉ ስትሪንግ (ጽሑፍ) ነው፤ ቁጥር የነበረው ኮድ ጽሑፍ ሆኖ ይመጣል። ደግሞ ነገ ቆጠራ ላለበት ሰው ቤት አፍርስ ይባላል?

ሐይቅ፦ ሪፈረንሱን አጥፍተህ እንደገና ጨምረው።

መርሳ፦ አብሽር ወንድሜ። ኮድና ብዛት ያለው "ዕቃ" የሚል ክላስ ሥራ። ሃሽማፑን በሉፕ ወደ ዕቃ አሬይ (የዕቃዎች ተርታ) ገልብጥና አሬዩን መልስ። የኦብጀክት ሊስት አድርገህ እንዳትመልስ፤ ኤኒታይፕ (ማንኛውም ዓይነት) ሆኖ ይወጣና ዶትኔት ምንነቱን አያውቀውም። ዊዝደሉ ላይ ማክስኦከርስ "አንባውንድድ" (ያለገደብ ይደጋገማል ማለት ነው) መኖሩን እይ፣ ከዚያ የሐይቅን ምክር ተከተል። ቅድም ያልሠራልህ ዊዝደሉ ላይ ያለው ዓይነት ራሱ ባዶ ስለነበር ነው። ደሴ ላይ ወደ ዲክሽነሪ ስትመልሰው የሁለት መጋዘን ዝርዝር ካደባለቅህ ተጠንቀቅ፤ ኮድ ከተደገመ አድ የሚለው መጨመሪያ ትእዛዝ ይወድቃል።

ቦርከና፦ መጣ! ግን ደሴ የሸጠውን በዚያው ክላስ መልሶ ሲልክ፣ ጃቫ ላይ ኮዱ አለ፣ ብዛቱ ናል (ምንም የሌለበት) ነው።

መርሳ፦ ብዛትን ጃቫ ላይ ኢንቲጀር (ናል መሆን የሚችለው ቁጥር) ብለኸው ነዋ። ያኔ ሚንኦከርስ 0 ይሆናል፣ ማለትም ባይላክም ይፈቀዳል፤ ዶትኔትም ከጎኑ "ብዛት ስፔሲፋይድ" የሚል ቡሊያን (ትሩ ወይም ፎልስ የሚል መለያ) ይጨምራል። እሱን ትሩ ካላልኸው ቁጥሩን ጭራሽ አይልከውም። ወይ ትሩ በለው፣ ወይ ጃቫ ላይ በኢንት (ናል በማይሆነው) ተካውና ሪፈረንሱን አድስ።

ሐይቅ፦ አላልሁም?