«ጠይብ» ስድብ ነው ወይስ ሙያ?

ተርጓሚዋ፦ ጤና ይስጥልኝ። ስለ መካከለኛው ዘመን ፍሎረንስ እየተረጎምኩ አንድ ቦታ ላይ ተቸከልኩ። «እ.ኤ.አ. በ1293 ከወጣው ሕግ ወዲህ የሙያ ማኅበር አባል ያልሆነ ሰው ለከተማዋ ሹመት አይበቃም፤ ጠይቡ ግን ማኅበርተኛ ነውና መንገዱ ክፍት ነበር።» አርታኢዬ «ጠይብ»ን በቀይ ሰርዞ «ስድብ ነው» አለኝ። «ጥበበኛ» ስል ደግሞ ዘፋኝ መሰለብኝ። ነገ ጠዋት አስረክባለሁ፤ ምን ልበል?

ባለቅኔው፦ ስድብ ያደረግነው እኛ ነን። ግእዙ ጠቢብ ነው። ዘጸአት 31ን አንብቢ፤ ባስልኤል ወርቅና ናስ የሚሠራበትን ጥበብ የሞላበት እግዚአብሔር ነው። ብ ላላና ጠይብ ሆነ። አለቀ።

የጅዳው፦ የምን ማለቅ! ጠይብ ዐረብኛ ነው፣ «ጥሩ» ማለት። እዚህ በቀን መቶ ጊዜ እሰማዋለሁ።

ባለቅኔው፦ እና ቀጥቃጩን «ጥሩ» ብለው ጠርተው ነው ቡዳ ነው የሚሉት?

ፊደል ቆጣሪ፦ የኔታ፣ ብ ሲላላ እኮ ወደ ው ነው የሚሄደው። ሰብእ ሰው፣ ነበረ ኖረ። ይ ከየት መጣች?

ባለቅኔው፦ ሰባት ዓመት ቅኔ ቤት ስቀመጥ ይህን የጠየቀኝ የለም።

ፊደል ቆጣሪ፦ ያሳደደዎት ውሻም አልጠየቀ፤ እሱ ያየው ኮቸሮውን ነው።

ታሪክ ወዳድ፦ ኧረ ወደ ልጅቷ ጥያቄ! ፍሎረንስ 21 ማኅበር ነበራት፤ 7 ትልልቅ፣ 14 ትንንሽ። ባንከሩና የሱፍ ነጋዴው ከላይ፣ ብረት ሠሪውና ጫማ ሰፊው ከታች። ገጣሚው ዳንቴ እንኳ ለሹመት ብሎ ሐኪሞችና መድኃኒት ቀማሚዎች ማኅበር ገብቷል። ከሁሉም በታች ያለው ሱፍ አበጣሪው ነው፤ ማኅበር እንኳ አልነበረውም፣ እ.ኤ.አ. በ1378 አመፀ። ብረት ሠሪው ግን ትንሽም ቢሆን ወንበር አለው። «ጠይብ» ካልሽው አንባቢሽ የሚሸሹት ሰው ይመስለዋል። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት ያለ ነገር መሰለሽ? የእኛ ጠይብ የሚቀርበው የጀርመን ማኅበራት አናስገባም ይሉት ለነበረው፣ ወንጀለኛ ለሚሰቅለው ሰው ልጅ ነው።

ተርጓሚዋ፦ ታዲያ «ባለሙያ» ልበል?

የጅዳው፦ ባለሙያማ ወጥ የምታሳምር ሴት ናት።

ባለቅኔው፦ አናጢውን ጸራቢ፣ ቀጥቃጩን ነሃቢ በይ። ግእዝ ምን አጥቶ!

ተርጓሚዋ፦ አርታኢዬ ይገድለኛል።

ፊደል ቆጣሪ፦ እሱ ይቆየን። ይ ከየት መጣች?