እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ፤ ውሻዬ ከዓይኑ ሥር አብጦ ፈነዳ

የሽምብጥ ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ባሕር ዳሮች። ውሻዬ መቻል ሰሞኑን ቀኝ ዓይኑ ሥር አብጦ ነበር። ንብ ነድፎት ነው ብለን ተውነው። ዛሬ ጠዋት በር ስከፍት እብጠቱ ፈንድቶ ደም የቀላቀለ መግል በጉንጩ ላይ እየወረደ ነው። ከፋርማሲ የዓይን ቅባት ገዛሁ፣ ቴትራሳይክሊን። ልቀባው ስጠጋ ያጉረመርማል። እኔ ላይ አጉረምርሞ አያውቅም። ቅባቱን በምን ዘዴ ልቀባው? ወይስ በአፍ የሚሰጥ የዓይን መድኃኒት አለ? ዓይኑ እንዳይጠፋ ፈርቻለሁ። እባካችሁ የምታውቁ።

ዓባይ ማዶ፦
አይዞህ ወንድሜ። ስንት ዓመቱ ነው? ይበላል? ክትባት አለው? ፎቶ ካለህ ለጥፍ።

የቡና ሰዓት፦
ለብ ባለ ውኃ ጨው በጥብጠህ ጠዋትና ማታ እጠበው። የእኛም እንዲህ ሆኖ በዚሁ ድኗል።

ሥጋ ወዳድ፦
መቻል የሚለው ስም ደስ ሲል! ስሙን እያስመሰከረ ነው ምስኪን። እግዜር ይማረው።

የሽምብጥ ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰባት ዓመቱ ነው። ይበላል፣ ግን ቀስ ብሎ ነው። ፍትፍት ሲሆን ይጨርሳል፤ አጥንት ስሰጠው በግራ በኩል ብቻ ያኝክና ይተወዋል። እሱ ግን ከዓይኑ ጋር ምን አገናኘው? ዓይኑን ነው የጠየቅኩት።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። አብዛኞቻችን ውሻ ስናሳድግ ስለ ጥርሱ አስበን አናውቅም። ቡችላ 28 የወተት ጥርስ ያወጣል። በአራት ወሩ ገደማ መርገፍ ይጀምራሉ። አድጎ ሲጨርስ 42 ይሆናሉ። የድመት ደግሞ 30 ነው። ከበላ በኋላ ጥርሱ ላይ ለስላሳ ቆሻሻ ይለጠፋል። ካልጸዳ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይደርቅና ከጥርሱ ጋር የተጋገረ ቢጫ ነገር ይሆናል። ከዚያ ወደ ድዱ ሥር ይገባል፣ ድዱ ይቀላል፣ ይሸሻል፣ አፉ ይሸታል። «የውሻ አፍ ድሮም ይሸታል» የሚባለው ስህተት ነው። ጤነኛ ውሻ አፉ እስኪያስጠላ ድረስ አይሸትም። ስለዚህ ከቡችላነቱ ጀምሮ ጣትህ ላይ ንጹሕ ጎዝ ጠቅልለህ የጥርሱን ውጫዊ ገጽ በየቀኑ ማሸት ነው። መጀመሪያ ከንፈሩን ብቻ ነክተህ ትለቀዋለህ፤ በማግሥቱ አንድ ሁለት ጥርስ፤ ከዚያ እየጨመርክ ትሄዳለህ። የሰው የጥርስ ሳሙና ግን አትጠቀም። እኛ እንተፋለን፣ እሱ ይውጠዋል። አንዳንዱ ደግሞ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ አለበት፤ ውሻን ይገድላል።

ዓባይ ማዶ፦
መምህር፣ እግዜር ይስጥልን፣ ትክክል ብለዋል። ግን ልጁ አሁን ውሻው ከፊቱ መግል እየፈሰሰ ነው ያለው። የጎዙ ነገር ለሚቀጥለው ይቆይልን።

ቀበሌ 14፦
እኔ ሌላ ነገር ነው የታየኝ። ሰላማዊ የነበረ ውሻ በድንገት ጌታውን ማጉረምረም ከጀመረ መጀመሪያ የእብድ ውሻ በሽታን አስብ! ልሃጩ ይዝረበረባል? ውኃ መዋጥ ያቅተዋል? አፉ መግጠም አቅቶት ተንጠልጥሏል? እንደዚህ ከሆነ «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» ብለህ እጅህን አፉ ውስጥ እንዳታስገባ። ብዙ ሰው በዚህ ነው የተጋለጠው። በልሃጩ ነው የሚተላለፈው፤ ንክሻ ባይኖርም እጅህ ላይ ጭረት ካለ በቂ ነው። ልጆችን አርቅ።

የሽምብጥ ልጅ (ጠያቂ)፦
አይ፣ ውኃ በደንብ ይጠጣል። ልሃጭ ትንሽ አለው በቀኝ በኩል። ሲጠሩት ይመጣል፣ ጭራውን ይቆላል። ፊቱን ስነካው ብቻ ነው የሚያጉረመርመው። ክትባት አምና ተከትቧል፣ ካርዱ አለ።

ሥጋ ወዳድ፦
ፓራሲታሞል ግማሹን በሥጋ ጠቅልለህ ስጠው፤ ሕመሙ ቀለል ሲልለት ትቀባዋለህ።

የገጠር ሐኪም፦
ፓራሲታሞሉን ተው! እባካችሁ። የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ዘግይቼ ስላየሁት ይቅርታ፣ መስክ ላይ ነበርኩ። ቅደም ተከተሉን ልንገርህ።

አንደኛ፣ ፓራሲታሞል፣ ኢቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ እቤት ካለው አውጥታችሁ ለውሻ አትስጡ። ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱን ይጎዳሉ። ፓራሲታሞል ደግሞ ለድመት በትንሹም ቢሆን ገዳይ ነው። ለውሻ የሚሆን የሕመም ማስታገሻ አለ፤ በክብደቱ ተሰልቶ በሐኪም ይሰጠዋል።

ሁለተኛ፣ ይህ የዓይን በሽታ አይመስለኝም። የጥርስ ነው። ከዓይን ዝቅ ብሎ ያብጣል፣ ይፈነዳል፣ መግል ይወጣል፣ በአንድ ወገን ብቻ ያኝካል፤ እነዚህ አንድ ላይ ሲመጡ ብዙ ጊዜ ከላይኛው መንጋጋ ትልቁ ጥርስ ነው ችግሩ። ይህ ጥርስ ሦስት ሥር አለው። የሥሮቹ ጫፍ የሚያርፈው ልክ ከዓይኑ ሥር ነው። ጥርሱ ሲሰበር ውስጡ ያለው ሥጋ ይጋለጣል፣ ቆሻሻ በዚያ ይገባና ሥሩ ጫፍ ላይ መግል ይቋጥራል። መግሉ መውጫ ሲያጣ በጉንጩ ቆዳ በኩል ይፈነዳል። የዓይን ቅባት እዚያ አይደርስም። አንተም እሱም በከንቱ ትታገላላችሁ።

ለመሆኑ አጥንት ትሰጡታላችሁ? ምን ዓይነት?

የሽምብጥ ልጅ (ጠያቂ)፦
ቅልጥም ነዋ። ፋሲካ ላይ የታረደው በሬ እግር ነበር፣ እሱን ሲያኝክ ነው የከረመው። ቀን ቀን ደግሞ በሰንሰለት ነው የሚታሰረው፤ ሰንሰለቱንም ይነክሳል።

ሥጋ ወዳድ፦
እኔ ደግሞ ቅልጥም ለጥርስ ጽዳት ነው ብዬ ለራሴም ለውሻዬም ስከራከር ነበር። የፓራሲታሞሉን ነገር ስለነገርከን አመሰግናለሁ ዶክተር።

የገጠር ሐኪም፦
የበሬ ቅልጥም ከውሻ ጥርስ ይጠነክራል። ውሻው በዚያ በትልቁ ጥርሱ ይዞ ሲጫነው የጥርሱ ውጫዊ ገጽ እንደ ቅርፊት ተሰንጥቆ ይወርዳል። ከበዓል በኋላ ይህን ብዙ እናያለን። የተቀቀለ አጥንት ደግሞ ተሰባብሮ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ሰንሰለቱም ክራንቻዎቹን ከኋላ በኩል ይሞርዳቸዋል። ቀን የግድ ከታሰረ ሰንሰለቱ አፉ በማይደርስበት በኩል ይሁን።

አሁን እንዲህ አድርግ። አፉን አትክፈት። እሱ እንደቆመ ወይም እንደተቀመጠ ከጎኑ ሁን፣ ፊት ለፊቱ አትሁን። ሌላ የሚያውቀው ሰው አንገትጌውን ይያዝልህ። ከንፈሩን ከአፉ ጥግ በኩል በአንድ ጣት ብቻ ወደ ላይ ገልጠህ እይ። ከዓይኑ ትክክል በታች ያለው ትልቅ ጥርስ ነው። ተሰብሮ መሃሉ ላይ ጥቁር ወይም ሮዝ ነጥብ ካለ ነገሩ እሱ ነው። እብጠቱን አትጫን፣ አትጭመቅ። ካጉረመረመ ተው፤ ማየቱ ግዴታ አይደለም። ሐኪም ያየዋል።

የጣና ነፋስ፦
አረቄ በጥጥ ነክሮ ጥርሱ ላይ ማድረግስ? አያቴ ቅርንፉድና ነጭ ሽንኩርት ወቅጠው ያደርጉልን ነበር፣ ለሰው ይሠራል።

የገጠር ሐኪም፦
ለአያትህ ክብር ይድረሳቸው፤ ለውሻ ግን አይሆንም። አረቄውን ይልሰዋል፣ ይመርዘዋል። ነጭ ሽንኩርት የውሻና የድመት ደም ይጎዳል። የቅርንፉድ ዘይትም በተለይ ለድመት መርዝ ነው።

የቡና ሰዓት፦
ጨውና ለብ ያለ ውኃ። አሁንም እላለሁ።

የገጠር ሐኪም፦
ጨውና ውኃው ከውጭ ያለውን መግል ለማጠብ ጥሩ ነው፣ ከዓይኑ አርቆ በንጹሕ ጨርቅ ጠረግ ማድረግ። ግን ቁስሉ ከላይ ይደርቅና ጥርሱ እስካለ ድረስ ተመልሶ ያብጣል። አንቲባዮቲክም እንዲሁ ነው። ሲወስድ ይጠፋል፣ ሲያቆም ይመጣል። መፍትሔው ጥርሱን መንቀል ነው፤ ወይም የሥር ሕክምና ማድረግ ነው፣ እሱን የሚሠራ ግን በቀላሉ አይገኝም።

አሁኑኑ የሚያስሮጥህ ምልክት ደግሞ ልንገርህ፦ ዓይኑ ራሱ ወደ ውጭ ከገፋ፣ አፉን ሲከፍት ከጮኸ፣ መብላት ካቆመ ወይም ከተኮሰው እስከ ነገ አትጠብቅ።

ዘንዘልማ ተማሪ፦
የዓባይን ድልድይ ተሻግረህ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዘንዘልማ ግቢ ድረስ አምጣው። የእንስሳት ሕክምና ትምህርት እዚያ ነው የሚሰጠው፣ ቢያንስ ማንን ማናገር እንዳለብህ ትሰማለህ። ካልሆነም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው።

እናት ድመት፦
ወንድሜ፣ ከመሄድህ በፊት ደውል። እኔ ድመቴን ይዤ በባጃጅ አንድ ክሊኒክ ሄጄ «እኛ ከብትና ዶሮ ነው የምናየው» ብለው መለሱኝ። ድመቷ ካርቶኑ ውስጥ ስትጮህ መንገዱን ሁሉ አለቀስኩ። ስትደውል ሙሉ ማደንዘዣ ለውሻ ይሰጣሉ ወይ ብለህ ጠይቅ። «ነቅለን እናውቃለን» ቢሉህም እንዴት እንደሚነቅሉ ጠይቅ።

የገጠር ሐኪም፦
እህቴ ያለችው ትልቅ ነገር ነው። ይህ ጥርስ በጉጠት ተይዞ የሚጎተት አይደለም። በማደንዘዣ ተኝቶ፣ ጥርሱ ተከፋፍሎ፣ ሦስቱም ሥሮች አንድ በአንድ ይወጣሉ። በጉልበት ከተሳበ ሥሩ ውስጥ ይሰበርና መግሉ ይቀጥላል፤ መንጋጋም ሊሰበር ይችላል። «ሳይደነዝዝ እናጸዳለን፣ እንነቅላለን» የሚል ካለ ተመለስ። ከማደንዘዣው በፊት ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደማይበላ ጠይቀህ በተባልከው ሰዓት አስጹመው።

ጡረተኛው መምህር፦
ዶክተር፣ ስላብራሩልን እናመሰግናለን። ልጄ፣ ከዳነ በኋላ የጎዙን ነገር እንዳትረሳ። ለማኘክ ደግሞ ጥፍርህን ስትጫነው ትንሽ የሚሰረጉድ ነገር ስጠው። ጥፍርህን የማይቀበል ነገር ለጥርሱም ጠንካራ ነው። መፋቂያ እንጨትም አትስጠው፣ ተሰንጥቆ ላንቃው ላይ ይጋደምበታል።

የሽምብጥ ልጅ (ጠያቂ)፦
ገልጬ አየሁት። ወንድሜ አንገትጌውን ያዘልኝ። ትልቁ ጥርስ ግማሹ የለም፣ መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ አለ፣ ከላዩ ያለው ድድ ቀልቷል። በግራ በኩል ያለው ጥርስ ሙሉ ነው። ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ። አሁን እየደወልኩ ነው። አንዱ ማደንዘዣ የለንም አለኝ። ሌላው ነገ ጠዋት አምጣው ብሏል።

ቀበሌ 14፦
ስትወስደው በተዘጋ መኪና ሞክር፣ ባጃጅ ላይ ደንግጦ እንዳይዘል። አፉን ካሰርክ ደግሞ ለአጭር ጊዜ ይሁን፣ መተንፈስ አለበት። ማንንም ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ታጥቦ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። የተከተበ ውሻ ነው ተብሎ አይታለፍም፤ ለሐኪሙ ካርዱ ይታያል።

የዘጌ ልጅ፦
ይቅርታ፣ በሰው ጥያቄ ገባሁ። የእኔ ደግሞ ድመት ናት። ሐይቁ ዳር የዓሣ ጭንቅላት ነው ስትበላ የምትውለው፣ ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ያገኘችውን። ከትናንት ጀምሮ አፏን በእጇ ትቧጥጣለች፣ ልሃጭ ታዝረበርባለች፣ ምግብ ታሸትና ትተዋለች። ይህም የጥርስ ነው?

የገጠር ሐኪም፦
ሊሆን ይችላል፤ የድመት ድድ ሲታመም እንዲሁ ያደርጋል። ግን በድንገት ከመጣና አፏን ከቧጠጠች መጀመሪያ የሚታሰበው የተሰካ ነገር ነው። የዓሣ አጥንት ላንቃዋ ላይ በጥርሶቿ መካከል ተጋድሞ ይቀራል። ክትባት አላት?

የዘጌ ልጅ፦
አዎ አላት። ነጠላ ጠቅልዬ ይዣት አሁን አየሁ። አጥንት አይታይም። ከምላሷ ሥር ቀጭን ክር አለ፣ ናይሎን ነው፣ የመረብ። ወደ ጉሮሮዋ ይገባል። ልሳበው?

የገጠር ሐኪም፦
አትሳቢው! በፍጹም። ሌላኛው ጫፍ ሆዷ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ስትስቢው አንጀቷን እንደ ቢላ ይቆርጠዋል። መንጠቆም ሊኖርበት ይችላል። ክሩንም አትቁረጪው፣ ሐኪሙ መነሻውን ማየት አለበት። ምግብ አትስጫት። ቀዳዳ ባለው ካርቶን አድርገሽ ዛሬውኑ ይዘሻት ውጪ።

የዘጌ ልጅ፦
ጀልባው ሄዷል። ነገ ጠዋት ይደርሳል?

የገጠር ሐኪም፦
ጀልባ አትጠብቂ፣ በመኪናው መንገድ ነይ። ባሕር ዳር ስትቃረቢ እዚሁ ጻፊልኝ፣ ማን ክፍት እንደሆነ እየጠየቅኩልሽ ነው።