የድሬዳዋ ለገሃር ወርክሾፕ፦ ይታጠር ወይስ ይፍረስ?

የከዚራ ልጅ፦ አቦ ሰላም ናችሁ? ትናንት ሻይ ላይ የጀመርናትን ክርክር እዚህ እንጨርሳት። አንዱ ጓደኛችን «የድሮው ባቡር ወርክሾፕ አሮጌ ብረት ነው፤ ቦታው መሃል ከተማ ስለሆነ ለልማት ይዋል» አለ። እኔ ቅርስ ነው ባይ ነኝ። እናንተስ?

ሳቢያን፦ ጓደኛው እኔ ነኝ፣ አልደበቅም። አዲሱ ባቡር በ2009 ሲመረቅ የራሱን ጣቢያ ይዞ ከከተማ ውጭ ነው የመጣው። የሐዲዱ ስፋት 1.435 ሜትር ነው። የኛው 1 ሜትር። የድሮው ፉርጎ እዚያ አይሄድም፣ የዚያ ፉርጎም እዚህ አይገባም። ታዲያ ግቢውን ለማን ነው የምንጠብቀው?

ደቻቱ ማዶ፦ ድሬ እኮ የባቡር ልጅ ናት! ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ከብዶት እዚህ ሜዳ ላይ በ1895 ሲደርስ ነው የተቆረቆረችው። አዲስ አበባ ለመድረስ እስከ 1909 ፈጅቶበታል። የሐረርን ጀጎል «አሮጌ ግንብ» ብሎ የሚነካ አለ? የኛ ጀጎል ይሄ ነው።

ሳቢያን፦ ጀጎል ውስጥ ሰው ይኖራል። እዚህ እርግብ ነው የሚኖረው።

የከዚራ ልጅ፦ ሕግም አለ። አዋጅ ቁጥር 209/1992ን አንብብ። ቅርስን ያለ ፈቃድ መነካካት አይቻልም።

ሳቢያን፦ አዋጅ ጣሪያ አያድስማ።

የቶርኖው ልጅ፦ እኔ ልግባበት። አባባ እዚያ ቶርኖ፣ ማለትም ብረት መቅረጫ ማሽን ላይ ነው ያረጁት። መለዋወጫ ሲጠፋ ብረቱን ራሳቸው ቆርጠው፣ ልክ አስገብተው ይሠሩ ነበር። የዕቃውን ስም በፈረንሳይኛ ነው የሚጠሩት። ቤታችን ውስጥ መፍቻ እንኳ የአማርኛ ስም አልነበረውም። ባለፈው እዚያ ጎራ ብዬ አንዱን ማሽን «ይሄ ምንድነው?» ብዬ ጠየቅሁ። አብሮኝ የነበረው ሰው «ብረት» አለኝ። ብረት! ስለዚህ ሳቢያን፣ ግማሽ እውነት አለህ። አጥር ብቻ ከሆነ እኔም አልፈልገውም። ማሽኑን የሚያዞረው ሰው ካለፈ ግንቡን ታጥሮ ማየት ለኔ ምንም አይደለም።

መጋላ፦ የሕንዱን የዳርጂሊንግ ባቡር እዩት። ሐዲዱ 61 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፣ የኛን እንኳ አያክልም። ዩኔስኮ በ1999 እ.ኤ.አ. መዘገበው፤ ባቡሩ ግን ዛሬም ሰው ጭኖ ይሄዳል። ሥራውና ቅርስነቱ አልተጣሉም። እኛም አጭር መንገድ ላይ አንድ ፉርጎ ብናስነሳ፣ ወርክሾፑ የወጣቶች መማሪያ ቢሆን፣ ሳቢያን የሚለው ልማትም እዚያው ይገኛል።

ሳቢያን፦ ገንዘቡስ?

መጋላ፦ እሱን አላውቅም ወላሂ። ለማፍረስም ግን ገንዘብ ይወጣል።

የቶርኖው ልጅ፦ ገንዘቡ እስኪገኝ አባባ ቅዳሜ ጠዋት ቤት አሉ። ጥሩ ስልክ ያለው ይምጣና የማሽኖቹን ስም ሲናገሩ ይቅረጻቸው። ሳቢያን፣ አንተም ና።

ሳቢያን፦ እመጣለሁ። ግቢው ግን አሁንም ሰፊ ነው።