ክርክር፦ የተለያዩ ሕዝቦች ፍልስፍና በአንድ ሚዛን ይመዘናል?

አወያይ፦ የግሪክን፣ የሕንድን፣ የቻይናንና የእስላሙን ዓለም ፍልስፍና ማነጻጸር ይቻላል ወይ? ምክንያታችሁን አስቀምጡ።

ጠያቂው፦ አይቻልም ባይ ነኝ። ፍልስፍና ማለት ሶቅራጥስ እንዳደረገው ሁሉንም በጥያቄ መፈተን ነው። የሌላው ሃይማኖት ነው፣ ካልሆነም ምክር። የቻይናው ጥንታዊ መምህር ኮንፊሽየስ ይመክራል እንጂ አይሟገትም።

የአመክንዮ ተማሪ፦ ወንድሜ፣ በኮንፊሽየስ ብቻ ቻይናን አትዝጋ። ሌላው ጥንታዊ የቻይና ፈላስፋ ሞዚ የኮንፊሽየስን ተከታዮች በግልጽ የሞገተ ሰው ነው፤ አንድን አስተምህሮ የምንፈትንባቸው ሦስት መመዘኛዎችንም አስቀምጧል። ወደ ሕንድ ስትመጣ ደግሞ ኒያያ የተባለው የአመክንዮ ትምህርት ቤት ሊቃውንት ሙግትን በአምስት ደረጃ ያዋቅሩታል፦ ተራራው ላይ እሳት አለ፤ ጭስ ይታያልና፤ ጭስ ባለበት ሁሉ እሳት አለ፣ ለምሳሌ ማድቤት፤ ይህም ተራራ ይጨሳል፤ ስለዚህ እሳት አለበት። ቻርቫካ የሚባሉት የሕንድ ቁስ አካላውያን ደግሞ «ባለበት ሁሉ» ያላችሁት በምን ተረጋገጠ ብለው ያፋጥጣሉ። ይህ ሙግት ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ታሪክ አንባቢ፦ ሙግት መሆኑን እቀበላለሁ። የእኔ ስጋት መለኪያው ሁልጊዜ አውሮፓ መሆኑ ነው። የእስላሙን ሊቅ አል ጋዛሊን «የስኮትላንዱን ፈላስፋ ሂዩምን የቀደመ» ብለን ስናወድሰው የራሱን ጥያቄ እንነጥቀዋለን።

የአመክንዮ ተማሪ፦ ስጋትህ እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን ንጽጽሩን እስከ መጨረሻው መግፋት ነው። ጋዛሊ በ11ኛው ክፍለ ዘመን፣ ጥጥ እሳት ሲነካው ሲቃጠል እናያለን እንጂ ያቃጠለው እሳቱ መሆኑን አናይም አለ። ሂዩም በ18ኛው ክፍለ ዘመን ተመሳሳይ ነገር አለ፦ የምናየው መከታተልን ነው፣ አስገዳጅ ትስስርን አይደለም። ከዚያ በኋላ ግን መንገዳቸው ይለያያል። ጋዛሊ የሚያቃጥለው ፈጣሪ ነው፣ ስለዚህ ተአምር ይቻላል ይላል። ሂዩም ትስስሩን ከአእምሮ ልማድ ያመጣዋል፣ የተአምር ወሬንም አያምንም። ሁለቱን ጎን ለጎን ያላነበበ ሰው፣ ከአንድ ጥርጣሬ ወደ ተቃራኒ መድረሻ መሄድ እንደሚቻል በምን ያውቃል?

ጠያቂው፦ ጋዛሊ እኮ የተሟገተው የግሪኩን ፈላስፋ የአርስቶትልን ፈለግ ከተከተለው ከእስላሙ ፈላስፋ ከኢብን ሲና ጋር ነው። ያው የግሪክ ቅርንጫፍ ነው።

ታሪክ አንባቢ፦ እንደዚያ ከሆነ የአውሮፓውም የእስላሙ ዓለም ቅርንጫፍ ነው! የአውሮፓው የክርስትና ሊቅ ቶማስ አኩዊናስ እኮ አርስቶትልን የተነተነውን የእስላሙን ፈላስፋ ኢብን ሩሽድን «ተንታኙ» እያለ ነው የሚጠራው።

የአመክንዮ ተማሪ፦ ጠያቂው፣ ስለ ቻርቫካ አልመለስክልኝም። የሕንድን ቅዱሳት መጻሕፍት ቬዳን አይቀበሉም፣ ከሞት በኋላ ሕይወት የለም ይላሉ። ከሃይማኖት ነው የምትመድባቸው ወይስ ከምክር?