አየር ላይ በ10 ሳ.ሜ. የሚያተኩር ሌንስ ውሃ ውስጥ ለምን ይህን ያህል ራቀ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ፊቱ ያበጠ የመስታወት ሌንስ አየር ላይ የትኩረት ርዝመቱ (ትይዩ ጨረሮች ሌንሱን አልፈው እስኪገናኙ ያለው ርቀት) 10 ሳ.ሜ. ነው። ውሃ በሞላ የመስታወት ገንዳ ውስጥ፣ ከማዶው ግድግዳ 30 ሳ.ሜ. ላይ አቁሜ ትይዩ የሌዘር ጨረሮች ባሳልፍበት ግድግዳው ድረስ አይገናኙም። የሚገናኙት ከገንዳው ውጪ፣ ከግድግዳው 5 ሳ.ሜ. ያህል አልፈው ነው። የትኩረት ርዝመቱ 35 ሳ.ሜ. ነው ልበል?

መልስ 1፦
የሌንሱ ቅርጽ ያው ነው፤ የተለወጠው በዙሪያው ያለው ነገር ነው። የስብረት ኢንዴክስ (አንድ ነገር ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያዘገይ የሚያሳይ ቁጥር) ለተራ መስታወት 1.52፣ ለውሃ 1.33፣ ለአየር 1 ገደማ ነው። ሌንሱ ብርሃን የማጠፍ አቅሙ የመስታወቱ ኢንዴክስ በዙሪያው ላለው ነገር ኢንዴክስ ተካፍሎ 1 ሲቀነስበት በሚቀረው ይወሰናል፤ ይህ ሲያንስ የትኩረት ርዝመቱ በዚያው ልክ ይረዝማል። አየር ላይ 1.52 − 1 = 0.52። ውሃ ውስጥ 1.52ን ለ1.33 አካፍለው 1 ሲቀንሱ 0.143 ብቻ ይቀራል። 0.52 ለ0.143 ሲካፈል 3.64 ነውና 10 ሳ.ሜ. የነበረው 36.4 ይሆናል። ብዙዎች ሳያካፍሉ 1.52 − 1.33 = 0.19 ይሉና 27.4 ሳ.ሜ. ያገኛሉ፤ እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ጨረሮችዎ ገንዳው ውስጥ በተገናኙ ነበር። ውሃ ውስጥ ዓይናችንን ስንገልጥ ሁሉ ነገር የሚደበዝዘውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የኮርኒያ (የዓይን ፊት ግልጽ ሽፋን) ኢንዴክስ (1.376) ለውሃ በጣም ቅርብ ነው።

መልስ 2፦
ስሌቱ ትክክል ነው። 35 የመጣው ግን ጨረሮቹ ከውሃ ወደ አየር ሲወጡ ግድግዳው ላይ እንደገና ስለሚሰበሩ ነው። ለግድግዳው ቀጥ ብሎ ከሚቆመው መስመር ይበልጥ ይርቃሉ፤ ስለዚህ ቀድመው ይገናኛሉ። ውጪ የለኩትን 5 ሳ.ሜ. በ1.33 ያባዙት፦ 6.65። ከ30 ጋር 36.65 ይሆናል፤ በማስመሪያ ለተለካ ነገር ከ36.4 ጋር በጣም ተቀራራቢ ነው። ረዘም ያለ ገንዳ ካለ ጨረሮቹ የሚገናኙበትን ነጥብ የሚያሳይ ወረቀት ውሃው ውስጥ ማቆም ይሻላል፤ ማባዛቱም ይቀራል።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ፣ ገባኝ። አንድ ነገር ብቻ፦ ከዳር የሚያልፉት ጨረሮች ከመሃሎቹ ቀድመው ይሻገራሉ። የትኛውን ልለካ?

መልስ 2፦
የመሃሎቹን። የሉል ቅርጽ ያለው ፊት ዳር ላይ ብርሃኑን ከሚገባው በላይ ያጥፈዋል፤ የሌንስዎ ጉድለት አይደለም። 1 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ቀዳዳ በጥቁር ካርቶን ቆርጠው ሌንሱ ፊት ያድርጉ። የጨረሩ መንገድ እንዲታይ ውሃው ላይ ጥቂት ጠብታ ወተት በቂ ነው፤ ከበዛ ጨረሩ ማዶ ሳይደርስ ይበተናል። ሌዘሩ ከግድግዳው ተንጸባርቆ ይመለሳልና ዓይንዎን በጨረሩ ከፍታ ላይ አያድርጉ።