የድሮ የድሬ (ድሬዳዋ) ፎቶ የማን ነው? የከተማው ወይስ የቤተሰቡ?

የከዚራ ልጅ፦ ሰሞኑን የለጠፍኳቸው ሁለት የድሮ ፎቶዎች ክርክር አስነስተዋል። አንደኛው ለገሃር፣ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት የተሰለፉ የምድር ባቡር ሠራተኞች ናቸው። ሁለተኛው መጋላ ሰፈር፣ ሰው ቤት ውስጥ የተነሳ የሠርግ ፎቶ ነው። «ቤተሰብ ሳይጠየቅ ለምን ወጣ?» ተብያለሁ። እኔ ሁለቱም መውጣት አለባቸው ባይ ነኝ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲጨርስ ስንት አልበም አብሮ ሄደ? ቅጂው ሌላ ዘመድ ጋር የነበረ ሰው ብቻ ነው የወላጁን መልክ መልሶ ያገኘው። ፎቶ ቤት ሲዘጋም ኔጋቲቩ የሚጣለው ቆሻሻ ላይ ነው። በየቁም ሳጥኑ ቆልፈን ከተቀመጥን የከተማው ታሪክ በቁማችን ያልቃል።

የመጋላዋ፦ ሙሽራዋ እናቴ ናት። ያን ቀን ፀጉሯን ሳትሸፍን የተነሳችው ክፍሉ ውስጥ ሴቶች ብቻ ስለነበሩ ነው። ያነሳቻትም የአክስቷ ልጅ ናት። ዛሬ እናቴ ሐጅ አድርጋ የተመለሰች ትልቅ ሴት ናት። የማታውቃቸው ወንዶች መልኳን እያነሱ አስተያየት እንደሚጽፉ ሰምታ ምግብ እምቢ ብላለች። እሷ በሕይወት እያለች «የከተማው ታሪክ ነው» የሚለኝ ሰው በምን ሥልጣኑ ነው?

ሳቢያን፦ ሕጉ ለሁለታችሁም ቦታ አለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ተነሺው ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ቁጥር 28 ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግበትን ይዘረዝራል፤ ሰውየው የታወቀ ወይም ባለሥልጣን ሲሆን፣ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ጥቅም ሲባል፣ ነገሩ በአደባባይ የተደረገ ሲሆን። የለገሃሩ ፎቶ እዚህ ውስጥ ይገባል። የሠርጉ ግን አስቸጋሪ ነው።

የከዚራ ልጅ፦ የሙሽራ ልብስና ጌጥ ባህል ካልሆነ ታዲያ ባህል ምንድን ነው?

የመጋላዋ፦ ልብሱን አሳይ። ፊቷን ተው።

ጋሽ ለገሀሬ፦ ልጆች፣ እኔ የምድር ባቡር ልጅ ነኝ፤ ስለ ሠራተኞቹ ፎቶ ልናገር። ባቡሩ የሐረርን ዳገት አልወጣ ብሎ ነው በ1895 ድሬ የተቆረቆረችው። አዲስ አበባ የደረሰው 1909 ነው። ስለ ባቡሩ መስመር የታተመውን ሁሉ አገላብጡ፤ ሎኮሞቲቩ አለ፣ ድልድዩ አለ፣ ፈረንሳዊው ኃላፊ ኮፍያውን አድርጎ ቆሟል። ሐዲድ ያነጠፈው፣ ከሰል የጫረው፣ ወርክሾፕ ውስጥ ጆሮው የደነቆረው ሰው ግን የሚገኘው በልጆቹ አልበም ውስጥ ነው። አባቶቻችን ያን ቀን ታጥበው፣ ጫማቸውን አስጠርገው የተሰለፉት እንዲታዩ ነው። ይኸን ፎቶ ማንም እንዳያወርደው። ከግራ ሁለተኛውንና መጨረሻ ላይ የቆመውን አውቃቸዋለሁ፤ ልጆቻቸውን ጠይቄ ስማቸውን አመጣለሁ።

ጀጎል፦ ከሐረር ነኝ። የጋሼን ቃል ይዤ ልቀጥል፤ ዋናው ነገር ስሙ ነው። እኛ ከተማ ፎቶ የቆየ ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ በፈረንጆች 1883 እዚሁ ካሜራ አስመጥቶ ራሱን አነሳ፤ ያጠበበት ውኃ መጥፎ ስለነበር ምስሉ መንጣቱን ለቤተሰቡ ጽፏል። ሐረር ውስጥ የሚሠራ አንድ ነጋዴንም አንስቷል። የራምቦን ስም ዓለም ያውቀዋል፤ የነጋዴውን ማን ያውቃል? ከዚያ በኋላ የመጡት ፖስትካርዶችም እንዲሁ ናቸው፤ «የሐረር ሴት» ይላሉ፣ አበቃ። የማን ልጅ እንደሆነች፣ የትኛው በር አካባቢ እንደምትኖር የጠየቀ የለም። ዛሬ እኛው የራሳችንን እናት ስሟን ሳንጠይቅ «የድሮ ሙሽራ» ብለን ስንለጥፍ ከፈረንጁ በምን ተሻልን? በዚህ ላይ መሳሳትም አለ። ባለፈው አንዱ «ድሬ፣ ድሮ» ብሎ የለጠፈው የሐረሩ አደባባይ ፈረስ መጋላ ነበር፤ ሐረር ያደገ ሁሉ ወዲያው ያውቀዋል። ቤተሰብ ቢጠየቅ ኖሮ ቦታውም ዘመኑም ይታወቅ ነበር። ፈቃድ መጠየቅ ታሪኩን አይቀንሰውም፤ ግማሹ ታሪክ የሚገኘው ሲጠየቅ ነው። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ያን ሁሉ ቅርስ የሰበሰቡት እኮ ከሰው ቤት ነው። መጀመሪያ መኖሪያ ቤታቸው አኖሩት፤ ዛሬ ራስ ተፈሪ የኖሩበት ቤት ውስጥ ሙዚየም ሆኗል። ሰው የቤቱን ዕቃ የሚሰጠው ለሚያምነው ነው። አንድ እናት ከተቀየሙ ሌሎቹ አልበማቸውን አይከፍቱልንም።

የከዚራ ልጅ፦ የሄዱትስ? ከዚራ የነበሩት ግሪኮች፣ አርመኖች፣ ዓረቦች ፎቶ እጄ ላይ አለ። ማንን ልጠይቅ?

ጀጎል፦ ከማን እጅ እንዳገኘኸው ጽፈህ አውጣው። ዘመድ ነኝ የሚል መጥቶ አውርድ ካለህ አውርድ።

የከዚራ ልጅ፦ አቋሜን አልቀየርኩም፤ ያልታየ ፎቶ ይጠፋል። ግን እናትሽ እስኪናገሩ የሠርጉን አውርጃለሁ። የለገሃሩ እዚሁ ይቆያል። ጋሼ፣ ስሞቹን እንደላኩልኝ ከሥሩ እጽፋቸዋለሁ።

የመጋላዋ፦ ጠየቅኳት። ሴቶች ብቻ በሚሰበሰቡበት ታትሞ ቢታይ እሺ ብላለች፤ ስልክ ላይ ግን አይሆንም። ከጎኗ የተቀመጡትን ሴቶችም አንድ በአንድ በስም ነግራኛለች፤ የሁለቱን ልጆች እየፈለግኩ ነው።