አዲሱ ምጣዴ እንጀራ አልለቅ አለኝ

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር፣ አዘዞ ነው የምኖረው። የኤሌክትሪክ ምጣዴ ሸክላው ተሰንጥቆ በቀደም ከቅዳሜ ገበያ አዲስ ገዝቼ አስገጠምኩ። በጎመን ዘር ደጋግሜ አሟሸሁት። ጭሱ ጎረቤት ድረስ ሄደ! እንጀራው ግን ዳር ዳሩ ይነሳና መሀሉ ላይ የስኒ ማስቀመጫ የምታህል ክብ ሙጭጭ ትላለች። ሰፌዱን ሳስጠጋ ይቀደዳል። ጀርባውን ሳየው እዚያችው ቦታ ላይ አሯል። ሊጡ ነው እንዳልል፣ ያንኑ ሊጥ በእህቴ ምጣድ ስጋግረው ዓይኑ ፍንትው አለ። የገጠመልኝ ልጅ «ይለምዳል» ብሎኛል። እስኪለምድ ሊጥ ልጨርስ? እናቴ ጨው በትነሽ አሙቂው ትላለች፤ እኔ ደግሞ ሸክላው እንዳይሰነጠቅ ፈራሁ። የደረሰባችሁ ካላችሁ እስቲ ንገሩኝ፦ እንደገና ላሟሸው ወይስ ከሥር ሽቦው መሀል ላይ ተጠጋግቶ ይሆን?